አንዲት ሳጥን

አርብ ከሰዓት ነበር፤ ሻርጃ፣ ሮላ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣
ኤሲው እያንኮራፋ፣ የመስኮቱ አቧራ ከልክሎን ሰማይ።
«ቃልአብ» አልኩት፣ «ትንሽ ነገር ናት፤ አንዲት ሳጥን፣ ከስም በታች፣
ማዳሟ የምትጠራት ስም የሚጻፍባት። ሌላ ምንም አይደለች።»

እውነቴን ነበር።
ትርሲት ለእኛ ትርሲት ናት፤ ለአጅማኑ ቤት ግን «ሳራ»።
ሆስፒታል ደውሎ «ሳራ የምትባል ልጃችሁ» ሲለን
ኮምፒውተሩን ከፍተን፣ ፈልገን፣ «የለችም» አልን።
አራት ቀን ተኛች፣
«የለችም» ባልነው ቃል ተሸፍና።

ታዲያ ሳጥን ብትጨመር ማን ይከፋል?
ቃልአብ ዓይኑን አሸ፣
ሌሊቱን ዱባይ ኤርፖርት የሰው ሻንጣ ሲያሳልፍ ያደረ ዓይኑን።
«እሺ» አለ።
እሺ ውስጥ የሚሰማ ድካም አለ፤
ያን ጊዜ አልሰማሁትም።

ሳጥኗ በሁለት ሌሊት ገባች።
ሁለት ሌሊት ማለት፦ የማይከፈል፣ የማይመዘገብ፣ ከእንቅልፉ ተቆርሶ የወጣ።
ከስም ቀጥሎ ያለው ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ተገፋ፤
የአባት ስም ስልክ ሆነ፣ ስልክ ፓስፖርት፣
ፓስፖርቱ ማንም ወደማያውቀው ጠፋ።
የመዋጮ ማስታወሻ የሚልከውን መስመር ያበጀችው ትብለጥ ነበረች፤
ትብለጥ አግብታ ካናዳ ናት፤ እንዴት እንዳበጀችው ለማንም አልነገረች።
መስመሩ ባዶዋን ሳጥን አገኘና በዚያ ሳምንት
ለሺህ መቶ ስልሳ ሴቶች እንዲህ ብሎ ጻፈ፦
«ውድ ያልተሞላ፣ የዚህ ወር መዋጮሽ አልደረሰንም።»

ሳቅን። ምን እናድርግ።
ሳቃችን እስከ ነጂባ ትኬት ነበር።
ነጂባን ወደ ጅማ ልንሸኛት ከአሥር አሥር ድርሃም ሰብስበን፣
ትኬቷ ላይ የአባቷ ስም በነበረበት «ያልተሞላ» ታትሞ
ከበሩ መለሷት፣ ሻንጣዋን ታቅፋ፣ አዲስ ጫማዋን ተጫምታ።
ሰባት መቶ አርባ ድርሃም።
ሰባ አራት ሰው ማለት ነው፤ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

ከዚያ አርቦቹ መጡ።
ስልክ ይዘን አንድ በአንድ፦ «እህቴ፣ እቤት ማን ይሉሻል?»
አንዷ «ማዳም መጣች» ብላ ዘጋች፣
አንዷ «ምን አገባችሁ» አለች፣ አንዷ አለቀሰች።
ዙልፋ ደግሞ ድሮ ያሳተምነውን አምስት መቶ ፎርም ተሸክማ
በየወረቀቱ ጠርዝ በእስክሪብቶ ሳጥን ስትሥል አመሸች።

ወርጄ ለሻጂ ነገርኩት፣ ለኬረላው ልብስ ሰፊ፣ በተሰባበረ ዓረብኛዬ።
አልመለሰልኝም። አንድ ኮት ከመስቀያው አወረደ።
«ባለቤቱ ኪስ ብቻ ጨምርልኝ፣ ኪስ እኮ ነው ብሎኝ ሄደ።»
ገልብጦ አሳየኝ፦ ገበሩ ከብብት እስከ ጫፍ ተፈትቷል።
«ጨርቁ መዳፍ አይሞላም። ቀኔን የበላው መፍታቱ ነው።
ደግሞ እኔስ ይከፈለኛል፤
የእናንተው ልጅስ?»

ሳጥኗ አሁን አለች። በሦስት ወር ሠላሳ አንድ ስም ገባባት፦
ሳራ፣ ማርያም፣ ሳራ፣ ሊንዳ፣ ሳራ።
አልተጸጸትኩም።
«ትንሽ» የምትለዋን ቃል ግን
እንደ ትኩስ ድንች በምላሴ እያገላበጥኩ ነው የምናገራት።

ባለፈው አርብ ፌቨን፣ አዲሷ፣ ቅን፣ ጉልበቷ ገና ያልተነካ፣
«ቀለሙ ደብዝዟል፤ ትንሽ አረንጓዴ ብናደርገው ምን አለበት?» አለች።
ቃልአብ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ ነበር፣
የኤርፖርት ባጁ አንገቱ ላይ እንዳለ።
«ወረቀት አምጪ» አልኳት በሹክሹክታ፣
«ጻፊውና ግድግዳው ላይ ለጥፊው።
ሲነቃ አይደለም፤
ሲያርፍ እናነብለታለን።»